የገመዱን ጫፍ ማን ይያዝ?

ፎቶግራፉን ብዙዎቻችሁ አይታችሁት ይሆናል። ከመሐሉ የተሰበረ ጥንታዊ የድንጋይ ድልድይ፤ ከስብራቱ ሥር ዓባይ፤ ከስብራቱ በላይ በገመድ የተንጠለጠለ አንድ ሰው። ከወዲህና ከወዲያ ማዶ ደግሞ ገመዱን የጨበጡ፣ እግራቸውን ድንጋዩ ላይ የተከሉ ወንዶች። ይስባሉ። በቃ፣ ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 ማብቂያ ናሽናል ጂኦግራፊክ የተባለው የአሜሪካ መጽሔት ስለ ጥቁር ዓባይ ካወጣው ጽሑፍ ጋር ታትሞ ዓለምን የዞረ ፎቶግራፍ ነው።

እኔ መጀመሪያ ያየሁት የጋዜጠኝነት ዲፕሎማዬን በምማርበት ጊዜ ነበር። መምህራችን ስለ ፎቶ ጋዜጠኝነት ሊያስተምረን መጽሔቱን ከወንበር ወንበር እያዞረ አሳየን። የሁላችንም ዓይን ያረፈው በተንጠልጣዩ ሰው ላይ ነው። «ምን ተሰምቶት ይሆን?» አልን፤ «እንዴት አልፈራም?» አልን። ስለ ሳቢዎቹ የጠየቀ አንድም ተማሪ አልነበረም። እኔም አልጠየቅሁም። ሠላሳዎቹን ከተሻገርኩ ወዲህ ግን ፎቶግራፉ ትዝ ባለኝ ቁጥር የሚታዩኝ እነሱ ናቸው። አንዱ ቢሰለቸውስ? አንዱ «ዛሬስ ደከመኝ፣ ተራዬም አይደለም» ቢልስ? አንዱ ካሜራውን አይቶ ፀጉሩን ሊያስተካክል እጁን ቢለቅስ?

አንባቢ ሆይ፣ አትሳቅ! የእኔ ትውልድ በጎ ፈቃደኝነት ዛሬ የደረሰው እዚያ ላይ ነው፤ ፀጉር ለማስተካከል ሲባል ገመድ የሚለቀቅበት ደረጃ ላይ! የዚህ ጽሑፍ ሙግትም ከዚሁ ጋር ነው።

ስድሳ ዓመት በገመድ

ድልድዩ የሚገኘው ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ፣ ከሞጣ ወደ ዓባይ በረሃ ሲወረድ፣ ወንዙ ጎጃምን ከጎንደር በሚለይበት ቦታ ነው። አገሬው «ሰባራ ድልድይ» ይለዋል። በዐፄ ፋሲለደስ ዘመነ መንግሥት፣ እ.ኤ.አ. በ1660 ገደማ እንደተሠራ ይነገርለታል። ወዲህ ማዶ ያለውን ከወዲያ ማዶው ጋር ሲያገናኝ፣ ነጋዴውንና የቆሎ ተማሪውን፣ ሙሽራውንና ለቀስተኛውን ሲያሻግር፣ ሦስት መቶ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው ጣሊያን መጣ።

በዚያ የወረራ ዘመን አርበኞች የጠላትን ጦር መንገድ ለመቁረጥ ብለው የድልድዩን መሐል አፈረሱት። ቢቸናና አካባቢው የእነ በላይ ዘለቀ አገር መሆኑን እዚህ ላይ ማስታወስ ደግ ነው። የገዛ ድልድይን ማፍረስ ምን ማለት እንደሆነ እስቲ አስቡት። ማዶ ዘመድ አለህ፤ ማዶ ገበያ አለህ፤ ማዶ የተዳረች ልጅ አለችህ። ይህን ሁሉ እያወቅህ «አገሬ ከምትያዝ መንገዴ ይሰበር» ትላለህ። ይህም የፈቃድ ሥራ ነው፤ ዋጋውን የከፈሉት ግን አፍራሾቹ ብቻ አልነበሩም። ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸውም ከፍለውታል።

ጣሊያን በ1933 ዓ.ም. ወጣ። ድልድዩ ግን እንደተሰበረ ቀረ። ንጉሠ ነገሥቱ ገዝተው አለፉ፤ ድልድዩ ሰባራ ነው። ደርግ መጥቶ ሄደ፤ ድልድዩ ሰባራ ነው። ኢሕአዴግ አሥር ዓመት ገዛ፤ ድልድዩ ያው ሰባራ ነው! በእነዚያ ሁሉ ዓመታት ስለ ዓባይ ያልዘፈነ ዘፋኝ፣ ስለ ዓባይ ያልገጠመ ገጣሚ፣ ስለ ዓባይ ያልተናገረ ባለሥልጣን ነበርን? በወንዙ ስም ስንቱ እንባ ፈሰሰ! ወንዙን መሻገር የፈለገ ገበሬ ግን የሚተማመነው በገመድና ገመዱን በያዙት ሰዎች ክንድ ነበር።

የቀረውን ታሪክ ሰምታችሁት ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2001 ኬን ፍራንትዝ የሚባል አሜሪካዊ፣ ሙያው ግንባታ የሆነ ሰው፣ መኪናው እስክትጠገን ቁጭ ብሎ ሲጠብቅ ያንኑ መጽሔት ገለጠና ፎቶግራፉን አየ። ብድግ አለ። ብሪጅስ ቱ ፕሮስፐሪቲ የተባለውን የበጎ አድራጎት ድርጅት መሠረተ። በ2002 መኪና በማይደርስበት ገደል ብረቱ በአህያና በሰው ጫንቃ ወርዶ፣ ከአካባቢው ሕዝብ ጋር ሆነው ስብራቱን በብረት ገጠሙት። ከስድሳ ዓመት በላይ የተንጠለጠለው ሕዝብ በእግሩ ተሻገረ። በ2005 ደግሞ ዓባይ ሞላና ብረቱን ጠራርጎ ወሰደው! ሥራው ግን አልተተወም፤ በ2009 ከውሃው ከፍ ብሎ የሚዘረጋ ተንጠልጣይ የእግረኛ ድልድይ ተሠራ። ድርጅቱም ከዚያ ወዲህ በብዙ አገሮች በመቶዎች የሚቆጠሩ የእግረኛ ድልድዮችን ሠርቷል።

ለሰውየው ምስጋና ይገባዋል፤ በዚህ ላይ ክርክር የለኝም። ክርክሬ ከአተራረካችን ጋር ነው። ታሪኩን ስናወራ «አንድ ፈረንጅ ፎቶ አየና መጥቶ አሻገራቸው» እንላለን። እስቲ ልጠይቅ፤ ፈረንጁ ከመምጣቱ በፊት ስድሳ ዓመት ሙሉ ማን ነበር ሲያሻግር የኖረው? በጎ ፈቃደኝነት በአውሮፕላን የመጣልን ሸቀጥ የሚመስለን ይህን ጥያቄ ስለማንጠይቅ ነው። «ሳቢዎቹ ሳንቲም ይከፈላቸው ነበር ይሆናል» የሚል ብልጥ አይጠፋም። ቢከፈላቸውስ? ሳንቲም ገመድ ያስይዝ ይሆናል፤ የሰው ነፍስ በእጅህ ላይ ተንጠልጥላ ሳለ መዳፍህ ሲላጥ አለመልቀቅን ግን የሚገዛ ሳንቲም አልተሠራም።

የሹራቤ ጉዳይ

ሌላውን ከመውቀሴ በፊት ራሴን ልክሰስ።

ዕድሜዬ ሃያዎቹን እንደ ጀመረ፣ በአንድ ክረምት፣ አዲስ አበባ ውስጥ ከአንድ የበጎ ፈቃደኞች ቡድን ጋር የአቅመ ደካሞችን ቤት ልናድስ ወጣን። ስሙን መጥራት አያስፈልግም፤ ብዙ እንደ እሱ ያሉ ስላሉ አንዱን ለይቶ መውቀስ ግፍ ይሆናል። አንድ ዓይነት ካናቴራ ለበስን። የአንዲት እናት የቀበሌ ቤት ደረሰን። የዛገውን ቆርቆሮ እየዘፈንን ገነጠልን። መገንጠል ደስ ይላል፤ ድምፁ ራሱ ሥራ የተሠራ ያስመስላል! ካሜራ መጣ። መዶሻ ይዘን ተነሣን፤ እናትየዋን መሐል አስቀምጠንም ተነሣን። ግማሹን ጣራ መታን። ምሳ ሰዓት ደረሰ። ከሰዓት በኋላ ዝናብ ጣለ፤ የቀረውን ግማሽ በላስቲክ ሸፍነን «ነገ እንጨርሳለን» ብለን ወጣን። በማግስቱ የመዝጊያ በዓል ነበር። አዳራሽ ገብተን ጭብጨባ ሰማን፣ ንግግር ሰማን፣ የምስክር ወረቀት ተቀበልን። በሪፖርቱ ላይ የእማማ ቤት «የታደሰ» ተብሎ ተቆጠረ።

በሦስተኛው ቀን ወደዚያ ቤት ተመለስኩ። ኅሊናዬ ወቅሶኝ የተመለስኩ እንዳይመስላችሁ! ሹራቤን ረስቼ ነው። ስገባ ላስቲኩን ነፋስ ገልጦታል። ሳፋ፣ ድስት፣ የወተት ጣሳ፣ ያለው ዕቃ ሁሉ መሬት ላይ ተደርድሮ ውሃ ይቀበላል። ፍራሹ በአንድ ወገን ርሷል። እማማ ግን ሲያዩኝ በደስታ ብድግ አሉ።

«መጣህ የኔ ልጅ? ሹራብህን ነው አይደል? እንዳይረጥብብህ ሳጥን ውስጥ አስገብቼልሃለሁ።»

እንግዲህ ይታያችሁ። ጣራቸውን ገንጥዬ የሄድኩ እኔ ነኝ፤ ሹራቤን ያደረቁ እሳቸው ናቸው። በጎ ፈቃደኛው ማን ነው? በደረቴ ላይ የተጻፈብኝ እኔ ነኝ ወይስ የሰው ዕቃ አደራ ነው ብለው ከራሳቸው ፍራሽ ያስቀደሙት እሳቸው?

ከእድራቸው አንድ አናጢ ተገኘ። መሰላል ተዋሰ፤ በግማሽ ቀን የቀረውን ጣራ መታው። እኔ ምስማር መምታት አልችልም ነበር፤ የሠራሁት ነገር ቢኖር መሰላሉን መያዝ ብቻ ነው። ቀና ብዬ እያየሁ፣ ጭቃ እየተንጠባጠበብኝ፣ እንዳይንሸራተት ያዝኩለት። ፎቶግራፍ አልተነሣሁም። ስለ በጎ ፈቃድ የማውቀውን ጥቂት ነገር ያወቅሁት በዚያ ግማሽ ቀን ነው፤ ገመድ ሳቢዎቹም ለመጀመሪያ ጊዜ በዓይነ ኅሊናዬ የመጡት መሰላሉን እንደያዝኩ ነው።

በጎ ሲደመር ፈቃድ

«በጎ ፈቃድ» ሁለት ቃል ነው። አንዱን ጥሎ ሌላውን መያዝ አይቻልም፤ ታሪካችን ግን አንዱን የመጣል ታሪክ ነው።

በ1957 ዓ.ም. የተጀመረው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲን ተማሪ ለአንድ ዓመት ወደ ገጠር እየላከ እንዲያስተምር አደረገ። መልካም ነገር ነበር፤ ግን ያንን ዓመት ያላገለገለ ዲግሪውን አያገኝም። በ1967 ዓ.ም. የእድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ስድሳ ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎችንና መምህራንን ወደ ገጠር አዘመተ። ከመካከላቸው በሙሉ ልባቸው የሄዱ፣ ፊደል ያስቆጠሩ፣ ጉድጓድ የቆፈሩ፣ ሕይወታቸውን የሰጡም ነበሩ። ዘመቻው ግን ግዴታ ነበር፤ «አልሄድም» ያለ የትምህርቱም የሥራውም በር ይዘጋበት ነበር። ከ1971 ዓ.ም. ጀምሮ የተካሄደው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻም ለሚሊዮኖች ፊደል ያስጨበጠ ታላቅ ሥራ ነው፤ እሱም ቢሆን የትእዛዝ ልጅ ነበር። ባጭሩ፣ የዚያ ዘመን ወጣት ሥራው ነበረው፣ ፈቃዱን ግን የጠየቀው አልነበረም።

የእኛ ዘመን ወጣት ደግሞ የተገላቢጦሽ ነው። ማንም አያስገድደውም፤ ፈቃዱ በእጁ ነው። የጎደለው በጎው ነው። ችግኝ ይተክላል፣ ውሃ የሚያጠጣ ግን ሌላ ሰው ይፈለጋል። ጣራ ይገነጥላል፣ የሚመታ ሌላ ሰው ይፈለጋል። በክረምት ሕፃናትን ሊያስጠና ይመዘገባል፤ ከሦስተኛው ሳምንት ወዲያ ሕፃናቱ ደብተራቸውን ይዘው በር ላይ ይቀራሉ። ለሥራ ማመልከቻው የሚያያይዘው ወረቀት ግን በእጁ ገብቷል። የአሠሪዎቻችንም ጥፋት አለበት፤ ወረቀቱን እንጂ «ከዚያስ በኋላ ተመለስክ ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ የለም።

የደም ልገሳን ነገር ውሰዱ። ከለጋሽ የተወሰደ ደም በማቀዝቀዣ ቢቀመጥ ከ35 እስከ 42 ቀን ነው የሚቆየው። ከደም የሚለየውና መድማትን የሚያቆመው ፕሌትሌት ደግሞ ከአምስት ቀን ያህል አያልፍም። ጤነኛ ሰው በየሦስት ወሩ ሊለግስ ይችላል። ሒሳቡን እናንተው ሥሩት። በአንድ የበዓል ቀን በአደባባይ ሺህ ሰው ተሰልፎ ቢለግስ፣ ከሁለት ወር በኋላ በምጥ ደም ለሚፈሳት እናት ከዚያ ቀን ደም አንዲት ከረጢት እንኳ አትተርፋትም። እሷን የሚያድናት በባንዲራና በማርሽ ባንድ የመጣው ሕዝብ አይደለም፤ በየሦስት ወሩ፣ በአዘቦት ቀን፣ ከሥራ መልስ፣ ማንም ሳያየው ክንዱን የሚዘረጋው አንድ ሰው ነው። ገመድ መያዝ ማለት እንዲህ ነው፤ ገመዱን መያዝ የሚያስፈልገው ተንጠልጣይ እስካለ ድረስ እንጂ ፎቶ አንሺ እስካለ ድረስ አይደለም።

አማኝ በዝቷል፣ ታማኝ አንሷል

አሁን ደግሞ ወደ አስቸጋሪው ነገር ልግባ፤ ወደ እምነት።

ከቋንቋችን የምወደው አንድ ነገር አለ። «አማኝ» እና «ታማኝ» ከአንድ ሥር የበቀሉ ቃላት ናቸው። በሰባራው ድልድይ ላይ የተንጠለጠለው ሰው አማኝ ነው፤ ነፍሱን ለገመድና ለሰው ክንድ ሰጥቷል። ገመዱን የያዘው ደግሞ ታማኝ መሆን አለበት። ሁለቱ ካልተገናኙ መሻገር የለም። የዛሬው ችግራችን፣ በእኔ ዓይን፣ አማኝ በዝቶ ታማኝ ማነሱ ነው። ቤተ ክርስቲያኑም መስጊዱም ሞልቷል፤ መንዙማውና መዝሙሩ በየታክሲው ይሰማል፤ በየመኪናው መስታወት ላይ የእምነት ቃል ተለጥፏል። ነገር ግን ጎረቤቱ ሲንጠለጠል «ፈጣሪ ያውቅለታል» ብሎ የሚያልፈው አማኝ ስንት ነው?! ፈጣሪማ ያውቃል። አንተም እንድታውቅ ነው ያሳየህ!

ወይዘሮ አበበች ጎበናን አስታውሱ። እ.ኤ.አ. በ1980፣ ወሎን ድርቅ በመታበት ጊዜ፣ ለሳቸው እንደ ማንኛውም ምእመን የንግሥ ጉዞ ነበር፤ ወደ ግሸን ማርያም። በመንገድ ላይ ረሃብ የጣላቸውን ሰዎች አዩ። የያዙትን ዳቦና ጸበል አከፋፈሉ። ሲመለሱ ግን ይዘው የገቡት እምነትና ጸበል ብቻ አልነበረም፤ ወላጅ ያጡ ሁለት ሕፃናትን ይዘው ገቡ። ዓመት ሳይሞላ ልጆቹ ከሃያ በለጡ። ቤተሰባቸው «አብዳለች» አላቸው፤ ትዳራቸው ፈረሰ፤ ከሞቀ ቤታቸው ወጥተው ከልጆቹ ጋር ተቸገሩ። ገመዱን ግን አልለቀቁም። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2021 በሞት እስኪለዩን ድረስ ከአርባ ዓመት በላይ ያዙት። ለእኔ የሳቸው ስለት የተሰማው ግሸን ላይ ሳይሆን ከግሸን ሲመለሱ መንገድ ላይ ነው።

ይህ አዲስ ነገር አይደለም። ወደዚያው ወደ ቢቸናና ሞጣ እንመለስ። ዲማ ጊዮርጊስ ከቢቸና ሩቅ አይደለም፤ ሐዲስ ዓለማየሁ በ«ፍቅር እስከ መቃብር» ካስታወሱን የጎጃም የትምህርት ደብሮች አንዱ ነው። በእነዚህ ደብሮች ዙሪያ ለዘመናት የቅኔና የዜማ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ከውሻ ጋር እየታገለ፣ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲል ኖሯል። ገበሬውም፣ ራሱ የሚበላው ሳይተርፈው፣ ስሙን ለማያውቀው ልጅ ቁራሽ ሲሰጥ ኖሯል። ሊቃውንት የምንላቸው ሁሉ የተማሩት በዚያ ቁራሽ ነው። መዝገብ የለ፣ ካናቴራ የለ፣ የመዝጊያ በዓል የለ! ወንጌሉ ቀኝ እጅ የሰጠውን ግራ እጅ እንዳያውቅ ያስተምራል፤ የነቢዩ ሙሐመድ ሐዲስም ቀኙ የሰጠውን ግራው እስከማያውቅ ድረስ ምጽዋቱን የሚደብቀውን ሰው ያመሰግናል። ሁለቱ እምነቶች በዚህች ነገር ቃል ለቃል ሊባል በሚችል ያህል ይስማማሉ። የማንስማማው እኛ ነን።

አለመስማማታችን ምን እንደሚያመጣም ያው ሞጣ አሳይታናለች። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ ዓርብ ዕለት፣ በሞጣ ከተማ መስጊዶች ተቃጠሉ፤ የሙስሊሞች ሱቆችም ተዘረፉ፣ ነደዱ። ይህን ታሪክ ለመጻፍ እጄ ይከብዳል፤ ግን ስለ ድልድይ ጽፎ ይህን መዝለል ማጭበርበር ነው። አባቶች ድልድዩን የሰበሩት ጠላት እንዳይሻገር ነበር፤ በዚያ ዓርብ የተሰበረው ግን በጎረቤትና በጎረቤት መካከል ያለው ነው። በዚያ ቀን የተሰለፈው ወጣት ነበር። ጉልበት ነበረው፤ ድፍረት ነበረው፤ «ለእምነቴ ነው» የሚልም ሞልቶ ነበር። አማኝ ነበረ እንበል። ታማኝ ግን አልነበረም፤ ቡና አብሮት ለጠጣው ጎረቤቱ አልታመነም። ከቃጠሎው በኋላ ከየአቅጣጫው ለመልሶ ግንባታ ገንዘብ ተዋጣ፤ ካዋጡት ውስጥ ክርስቲያኖችም ነበሩበት። ገመድ የያዙት እነሱ ናቸው። ስለ እምነታችን ምስክር ልንጠራ ከሆነ የምንጠራቸው እነሱን ነው።

ሸክምና ጌጥ

«ታዲያ ውበቱ የት አለ?» የሚል አንባቢ ይኖራል። ወጣት ነን፤ ሕይወት ደግሞ ደስ እንዲል እንፈልጋለን። እውነት ነው። እኔም በመከራ የማምን ሰው አይደለሁም።

ነገር ግን ሰሞኑን ስለ «ዕለታዊ ውበት» የሚሰበከው ስብከት ያንገሸግሸኛል። የቡናህን ጢስ ተመልከት፣ የፀሐይ መጥለቂያውን ተመልከት፣ በትንሽ ነገር ተደሰት ይሉሃል። ደግ። ግን ከዚያ ቡና አጠገብ የምትጠብቅህን የተራበች ልጅ እንዳታይ ከሆነ፣ ያ ውበት ሳይሆን የዓይን ሞራ ነው። ከዚህ የባሰው ደግሞ ድህነትን የሚያስውበው ነው። የገጠሩን ጎጆ፣ የእናቱን የተሰነጠቀ ተረከዝ፣ የተንጠለጠለውን ሰው «እንዴት ያምራል!» ይላል። ሰው በገመድ ዓባይን መሻገሩ አያምርም! አስፈሪና አሳፋሪ ነበር። የሚያምረው የያዙት ሰዎች እጅ ነው። ያንን ፎቶግራፍ ሁለት ዓይነት ሰው አይቶታል፤ አንዱ «ግሩም ፎቶ ነው» ብሎ ገጹን ገለበጠ፣ ሌላው ብድግ አለ። እውነተኛ ውበት የሚለየው በዚህ ነው፤ ካየኸው በኋላ ቁጭ አያሰኝህም።

አበው «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ብለዋል። ይህን ተረት እየደጋገምን ስለ ኅብረት ብቻ የሚናገር አስመስለነዋል። ልብ በሉ፤ የሚለው «ለሃምሳ ሰው ይቀላል» አይደለም፤ «ጌጡ ነው» ነው የሚለው። ያው ሎሚ፣ ያው ክብደት ነው። ለብቻ ሲሸከሙት ያጎብጣል፤ ሲካፈሉት ያስጌጣል። እነሆ ውበት ማለት! የገጠሩ ሰው በወንፈልና በደቦ ሲያጭድ የሚዘፍነው ሥራው ስለቀለለው ብቻ አይመስለኝም፤ ስለተዋበበትም ጭምር ነው።

በዚያ የክረምት ቀን አናጢው የመጨረሻውን ምስማር ከመታ በኋላ እማማ ቡና አፈሉ። ሦስት ሆነን ተቀመጥን። ወዲያው ዝናቡ ወረደ። ሳፋውና ድስቱ አሁንም መሬት ላይ ተደርድረዋል፤ እማማ ገና አላመኑም። ቆርቆሮው ላይ ይወርዳል፣ ይወርዳል፤ ጠብ የሚል ግን የለም። እማማ የወተቱን ጣሳ አነሡና ዘቅዝቀው አዩት። ባዶ ነው። ሳቁ። ዕድሜዬን ሙሉ ብዙ ሙዚቃ ሰምቻለሁ፤ እንደዚያ ቀን ዝናብ ያማረ ግን አልሰማሁም። ምሥጢሩ ግልጽ ነው፤ ከዚያ ድምፅ ውስጥ ጥቂቱ፣ በጣም ጥቂቱ፣ የኔ ነበረ። መሰላል ይዤበታለሁ።

«መንግሥት የት ሄዶ?»

ሁለት ተቃውሞ እንደሚመጣብኝ አውቃለሁ።

የመጀመሪያው «ድልድይ መሥራት የመንግሥት እንጂ የበጎ ፈቃደኛ ሥራ ነውን?» የሚል ነው። ልክ ነው፤ የመንግሥት ነው። ሦስት መንግሥታት ያንን ስብራት አይተው ማለፋቸው ይቅር የማይባል ነው፤ የሳቢዎቹ ደግነትም ለባለሥልጣኑ ስንፍና ይቅርታ ሊሆን አይገባም። እንዲያውም በጎ ፈቃደኝነት የመንግሥትን ጉድለት መሸፈኛ ላስቲክ ሲሆን ማየት ያማል፤ ላስቲክ ምን እንደሚሆን እኔ ከእማማ ቤት አውቀዋለሁ። መጠየቅ አለብን፤ መጮህም አለብን። ነገር ግን እየጮህን ሳለ የተንጠለጠለ ሰው አለ። «መንግሥት እስኪመጣ ልቀቀው» የሚል ማን ነው? በአንድ እጅ ገመድ፣ በሌላው እጅ አቤቱታ መያዝ ይቻላል። ደግሞም ገመዱን የያዘ ሰው አቤቱታ ሲጽፍ ክብደቱን አውቆ ይጽፋል።

ሁለተኛው የእኩዮቼ ነው። «እኔ ራሴ ሥራ የለኝም፤ የቤት ኪራይ አንቆኛል፤ ራሴን ሳልችል ማንን ልያዝ?» ይላሉ። በዚህ አልቀልድም፤ ኑሮው ምን እንደሆነ በጽሑፍ የሚተዳደር ሰው ያውቀዋል። ግን እስቲ እንነጋገር። በሰባራው ድልድይ ገመዱን የያዙት ባለጠጎች ነበሩን? ለቆሎ ተማሪው ቁራሽ የሰጠችው ገበሬ ጎተራዋ ሞልቶ ነበርን? እማማስ ሹራቤን ሲያደርቁ የራሳቸው ፍራሽ ደረቅ ነበርን? «ስችል እይዛለሁ» የሚል ሰው ሲችልም አይዝም፤ ሲችል የሚይዘው የራሱን ነው። ከተረፈህ ላይ ስጥ ያለህ የለም። የያዝከውን እንዳትለቅ ነው የምንለምንህ።

ይህን የምጽፈው በደህና ጊዜ ቢሆን ኖሮ እዚህ ላይ አቆም ነበር። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ግን የአማራ ክልል በጦርነት ሲታመስ፣ መንገድ ሲዘጋ፣ ተማሪ ከትምህርት ገበታው ሲርቅ ዓመታት ተቆጥረዋል። የሞጣና የቢቸና ወጣት ከዚህ አዲስ አበባ ላይ ሆኜ የማልፈርድበት መከራ አይቷል። ለእሱ ምክር የለኝም። ምክሬ እንደ እኔ ሰላም ለሚያድርበት፣ ካፌ ቁጭ ብሎ «አገሪቱ ተሰበረች» እያለ ለሚተነትነው ነው። አዎ፣ ተሰብራለች። ስብራቱን የሚያይ ዓይን ሞልቷል። ስብራቱን የሚገጥመው መሐንዲስም አንድ ቀን ይመጣ ይሆናል፤ ጎርፍ ሊወስድበትም፣ ደግሞ ሊሠራው ይችላል። እስከዚያው ድረስ ግን ሰው መሻገር አለበት። ሐኪም ፍለጋ የሚሻገር በሽተኛ አለ፤ እናቱን ሊቀብር የሚሻገር አለ፤ ትምህርት ሊማር የሚሻገር ልጅ አለ።

ስለዚህ አንዲት ገመድ ምረጡ። አሥር አትምረጡ፤ አንዲት ትበቃለች። በየሦስት ወሩ ደም መስጠት ሊሆን ይችላል። የጎረቤትን ልጅ ሒሳብ ማስጠናት ሊሆን ይችላል፤ እስከ ሦስተኛው ሳምንት ሳይሆን ክፍል እስኪያልፍ። በሌላ እምነት በዓል ቀን የሌላውን ደጅ መጠበቅ ሊሆን ይችላል። መሰላል መያዝም ያው ነው። ከያዛችሁ በኋላ ካሜራ ቢመጣ ፈገግ በሉ፤ ክልክል የለውም። እጃችሁን ግን አትልቀቁ። ጫፉ ላይ ሰው አለ።